ሬት በቤት ውስጥ እንዲያብብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እናቴ ደብረ ብርሃን ባለው ቤቷ፣ ከድንጋይ አጥሩ ሥር ሬት አላት። ውሃ አጠጥታው አታውቅም። ፍየሎች እንኳ አሽትተውት ያልፋሉ። በየዓመቱ ግን ቀይ አበባውን ቀጥ አድርጎ ያወጣል። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከሶፋው ጎን አስቀምጬ፣ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ እየወለወልኩ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እያጠጣሁ ስድስት ዓመት ጠበቅሁ። አላበበም። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ስታየው፣ "ይሄ እኮ ጠግቧል፤ ጠግቦ ማን ይሠራል?" አለችኝ። ያን ጊዜ ሳቅሁ። ኋላ ሳነብና ስሞክር ግን ነገሩ እሷ እንዳለችው ሆኖ አገኘሁት። የእኔው ካበበ ወዲህ ጎረቤቱም ዘመዱም ስለ ሬቱ ስለሚጠይቀኝ፣ የሚደጋገሙትን እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ሬት ያብባል እንዴ? እኔ የማውቀው ቅጠሉን ብቻ ነው።

ያብባል። ከቅጠሎቹ መካከል አንድ ዘንግ ያወጣና ጫፉ ላይ ቁልቁል የተንጠለጠሉ፣ እንደ ቀጭን ቱቦ ያሉ ብዙ ትናንሽ አበቦች ይደረድራል። ለፀጉርና ለቃጠሎ የምንጠቀምበት፣ አሎቬራ የምንለው ሬት አበባው ቢጫ ነው፤ ዘንጉም እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል። ብዙዎቻችን አይተነው የማናውቀው ወይ ገና ጭቅላ ሳለ ቅጠሉን ስለምንጨርሰው፣ ወይ ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ ስለምናስቀምጠው ነው። "ሬት" የሚለውም "እሬት" የሚለውም አንድ ነው፤ እዚህ አጠር ያለውን ይዣለሁ።

ከተተከለ በስንት ዓመቱ ያብባል?

ከእናቱ ተነቅሎ የተተከለ ልጅ በደህና ቦታ ካደገ ብዙውን ጊዜ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ይደርሳል። ከዘር የበቀለ ከዚያም ይዘገያል። ዕድሜ ብቻውን ግን አያደርሰውም። ጥላ ውስጥ አሥር ዓመት የቆየ ሬት እንደ ሕፃን ቀጥን ብሎ ሊቀር ይችላል። ቅጠሉ ወፍራምና ጠንካራ ሆኖ፣ መሐሉ ጥቅጥቅ ብሎ ካያችሁት ደርሷል ማለት ነው። ቅጠሎቹ ረዝመው፣ ሳስተው፣ እንደ ደከመው ሰው ክንድ ወደ ጎን ከወደቁ ግን ብርሃን አንሶታል፤ ዓመት ቆጥሮ መጠበቅ ዋጋ የለውም።

የእኔ ዕድሜው ደርሷል፣ ቅጠሉም ያማረ ነው። ታዲያ ምን ጎደለው?

ምናልባት የጎደለው ችግር ነው። ሬት ውሃውን በቅጠሉ አጠራቅሞ ደረቅ ወራትን የሚያልፍ ተክል ነው። ሌሎች ተክሎች ቀን ቀን የሚከፍቷቸውን የቅጠል ቀዳዳዎች እሱ ቀን ዘግቶ ሌሊት ይከፍታቸዋል፤ ውሃ ላለማባከን። አሠራሩ ሁሉ ለዝናብና ለድርቅ መፈራረቅ የተበጀ ነው። ዝናብ ሲኖር ቅጠል ያሳድጋል፣ ያጠራቅማል። ዝናቡ ሲቆም፣ ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ፣ ሰማዩ ሲጠራ እድገቱን ያቆማል፤ ያጠራቀመውን ይዞ ወደ አበባ የሚዞረው ያን ጊዜ ነው።

አሁን ሳሎናችንን አስቡት። ዓመቱን ሙሉ ሙቀቱ አንድ ነው፣ ውሃው አይቋረጥም፣ ብርሃኑ ግን ደብዛዛ ነው። ሬቱ ክረምቱ ማለቁን በምን ይወቅ? ስለዚህ ቅጠል ማውጣቱን፣ ከሥሩም ልጅ መጨመሩን ይቀጥላል። እኔ ስድስት ዓመት ያደረግሁት ይህንኑ ነበር።

የሚያስፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ብዙ ፀሐይ፣ የደረቀ ወቅት፣ ቀዝቀዝ ያለ ሌሊት። ከሦስቱ ፀሐይ ትበልጣለች። ፀሐይ ሳይኖር ውሃ ቢነፍጉት ተክሉ ይከሳል እንጂ አያብብም።

ስንት ሰዓት ፀሐይ? በረንዳዬስ ወዴት ቢዞር ይሻላል?

በቀን ቢያንስ ስድስት ሰዓት፣ በቀጥታ ቅጠሉ ላይ የምታርፍ ፀሐይ። "ቤታችን ብርሃን አለው" ሲባል አልቀበልም፤ የሰው ዓይን ጨለማን ቶሎ ስለሚለምድ ያታልላል። ከመስኮቱ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ሲገቡ ብርሃኑ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል፤ እኛ ግን ጋዜጣ ማንበብ ስለምንችል አይታወቀንም።

የበረንዳው ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ውጭ አገር የተጻፈውን ምክር እንዳለ ብንወስደው ያሳስተናል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ የቀትር ፀሐይ በደቡብ በኩል ትሄዳለች፤ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ በጣም ስለምታዘነብል በረንዳ ውስጥ ድረስ ትገባለች። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ደግሞ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ስለዚህ ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፦ ሬቱ ፀሐይ በሚፈልግበት በበጋው ወራት ፀሐይ ያገኛል፣ በክረምቱ ደግሞ ጣሪያው ይከልለዋል። ወደ ሰሜን የዞረው በረንዳ ተቃራኒው ነው፤ ፀሐይ የምትደርሰው በዋናነት ዝናቡና ደመናው በሚበዛባቸው ወራት ስለሆነ ከሁሉ የባሰው እሱ ነው። ምሥራቅ ጥሩ ነው፣ በተለይ በጠዋት የሚከልል ሕንፃ ከሌለ። ምዕራብም ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። የብዙ ኮንዶሚኒየም በረንዳ ከለላው ብረት ሳይሆን ግንብ ነው። ወለሉ ላይ የተቀመጠ ሬት በረንዳው በፀሐይ ተጥለቅልቆ ሳለ እሱ ግንቡ ጥላ ሥር ይውላል። በርጩማ ወይም ሁለት ብሎኬት ላይ ከፍ አድርጉት። የእኔን ለውጥ ያመጣው ይኸው ብሎኬት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰሜን ብቻ የዞረ ቤት ላላችሁ፦ ግቢው ውስጥ፣ ጣሪያ ላይ፣ ወይም ፀሐይ ያለው ዘመድ ቤት ከጥቅምት እስከ የካቲት አደራ ብትሰጡት ከሁሉ ይሻላል።

ከሳሎን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ባስቀምጠው ቅጠሉ ቀላ። ታመመ?

ደነገጠ እንጂ አልታመመም። ጥላ የለመደ ቅጠል በአንድ ጊዜ ለአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ሲጋለጥ፣ በዚህ ከፍታ ላይ ጨረሩ ብርቱ ነውና፣ ራሱን ለመከላከል ቀላ ወይም ቡናማ ይላል። ለመድኩት ሲል አረንጓዴው ይመለሳል፤ ባይመለስም ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም በፀሐይና በድርቅ ጠይም ያለ ሬት ለማበብ የቀረበ ነው። ነጣ ብሎ የደረቀና ወረቀት የመሰለ ቦታ ካያችሁ ግን ያ ቃጠሎ ነው፣ አይሽርም። እንዳይደርስ በመጀመሪያው ሳምንት የጠዋት ፀሐይ ብቻ፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመራችሁ በሁለት ሦስት ሳምንት አለማምዱት።

ውሃስ? በየስንት ቀኑ ላጠጣ?

በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በጣት። ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ክተቱ፤ እርጥበት ከተሰማችሁ ተዉት። ስታጠጡ ደግሞ ከሥር እስኪወጣ አጠጡና የወጣውን ድፉት። ጠዋትና ማታ በሲኒ መርጨት ላዩን ያረጥባል፣ ሥሩ ድረስ ግን አይደርስም።

እኔ ዓመቱን እንዲህ እከፍለዋለሁ። ከሚያዝያ እስከ መስከረም ተክሉ የሚያድግበት ጊዜ ስለሆነ አፈሩ በደረቀ ቁጥር ያገኛል። ውጭ ከሆነና ሰኔና ሐምሌ ዝናቡ በየቀኑ ከመጣ ከጣሪያ ጠርዝ ሥር አስገባዋለሁ፤ ክረምቱን ሙሉ የተጥለቀለቀ ሬት ሥሩ ይበሰብሳል። ከጥቅምት ጀምሮ እጄን እሰበስባለሁ፦ በሦስት ወይም በአራት ሳምንት አንዴ ብቻ፣ እስከ ጥር። ቅጠሉ ትንሽ ሳሳ ቢል፣ ዳሩ ወደ ውስጥ ቢታጠፍ አልደነግጥም። ኅዳርና ታኅሣሥ የአዲስ አበባ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፣ ቅዝቃዜውን ሰማይ ይሰጠናል፤ እኛ ሬቱን ቤት አስገብተን ብርድ ልብስ አለማልበስ ብቻ ነው።

ይህ የሚሠራው ለደጋና ለወይና ደጋ ነው። ድሬዳዋ ወይም አዋሽ አካባቢ ላላችሁ ሌሊቱ ያን ያህል ስለማይቀዘቅዝ ፀሐዩና ድርቁ ናቸው ሥራውን የሚሠሩት። የሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ላላችሁ ደግሞ ጥንቃቄው የተገላቢጦሽ ነው፦ አሎቬራ የመጣው ከዓረብ ልሳነ ምድር ደረቅ አገር ነው፣ የደብረ ብርሃንን ውርጭ አያውቀውም። ውርጭ የጣለበት ቅጠል እንደተቀቀለ ይልማል። ውርጭ በሚፈራበት ሌሊት ከበረንዳ ጣሪያ ሥር ይግባ።

ታዲያ የእናትህ ሬት ውርጭ ላይ እንዴት ያብባል?

የእናቴ አሎቬራ አይደለም። ሬት የሚለው ስም በዓለም ላይ ከ500 በላይ ዝርያዎች ላሉት ወገን የወል ስም ነው፤ ኢትዮጵያና ኤርትራ ብቻ ከ40 በላይ አላቸው፤ ብዙዎቹም ሌላ የትም አይበቅሉም። ሳይንሳዊ ስሙን ከደብረ ብርሃን የወሰደ አለ፣ ከአንኮበር የወሰደ አለ፣ ከያቤሎ፣ ከአዲግራት የወሰዱም አሉ። የአንኮበሩ ገደል ላይ በቅሎ ቁልቁል የሚንጠለጠል ነው፤ የሚያየው ሰው ሬት ነው ብሎ አይጠረጥርም። እነዚህን ዝርያዎች ለይቶ በመመዝገብ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው የደከሙትን ያህል የደከመ ያለ አይመስለኝም። የአገራችንን ዕፅዋት በቁም ለማየት ለሚፈልግ አዲስ አበባ ላይ የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አለ።

ይህን የማነሳው ለቤታችሁ ስለሚጠቅም ነው። ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች "አሎቬራ" ተብሎ የሚገዛው ሁሉ አሎቬራ አይደለም። አበባው ብርቱካንማ ወይም ቀይ ሆኖ ከወጣ ሌላ ዝርያ ወይም ዲቃላ ነው፤ መታለል አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ሻጩም አያውቅም። ከአበባው በፊት ለመለየት ግን ነጠብጣቡን አትመኑ፣ የአሎቬራ ልጆችም ሲያንሱ ነጭ ነጠብጣብ አላቸው። ያልታወቀ ዝርያ ፊታችሁ ወይም ቁስላችሁ ላይ አትቀቡ።

በረንዳው ጠባብ ለሆነበት ሰው ትናንሾቹ ዝርያዎች ይሻሉታል። ቅጠላቸው በነጭ የተዥጎረጎረ፣ ከጭልፋ የማይበልጡ ሬቶች አሉ፤ በትንሽ ዕቃ ሆነው መስኮት ላይም ቢሆን ከአሎቬራ ይልቅ በቀላሉ ያብባሉ።

ምን ዓይነት አፈር፣ ምን ዓይነት ዕቃ?

ውሃ የማይቋጥር አፈር። ጥቁር መረሬ ለሬት መቃብር ነው፤ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ግማሽ ቀይ አፈር ከትንሽ ኮምፖስት ጋር፣ ግማሽ ደግሞ ሻካራ አሸዋ ወይም ለግንባታ የሚመጣው ሬድ አሽ ተለቅሞና ተነፍቶ። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ ቀዳዳ አለው፣ አየር ይይዛል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፤ ግንባታ ያለበት ሰፈር ከጠየቃችሁ አንድ ፌስታል በነፃ ይሰጧችኋል።

ዕቃው ሸክላ ቢሆን ይመረጣል፤ ይተነፍሳል፣ ከባድ ስለሆነም ዘንጉ ሲረዝም አይገለበጥም። የቀለም ባልዲም ይሆናል፣ ከሥሩ አምስት ስድስት ቦታ እስከተበሳ ድረስ። በጣም ሰፊ አትምረጡ። ሥሩ ዕቃውን ሞላ ያደረገ ሬት ቶሎ ያብባል፤ ሰፊ ቦታ ያገኘ ሥሩንና ልጆቹን በማብዛት ይጠመዳል። ዕቃ የምትቀይሩ ከሆነ ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ ቀይሩ፤ ጥቅምት ላይ የተነቀለ ሬት የዚያን ዓመት አበባ ረሳው በሉ።

ማዳበሪያ ላድርግለት?

ዩሪያ በፍጹም። ቅጠሉን ያወፍረዋል፣ ያለሰልሰዋል፣ ያው የሳሎኑ ጥጋብ በሌላ በር ይገባል። ትኩስ የዶሮ ኩስም ያቃጥላል። በዓመት አንዴ፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ሁለት እፍኝ የበሰለ ኮምፖስት ይበቃዋል።

ለፀጉሬ በየሳምንቱ ቅጠል እቆርጣለሁ። ይህ አበባውን ይከለክላል?

ይህን ጥያቄ ብዙዎቹ እህቶቼ ሲሰሙት ፊታቸውን ያዞራሉ፤ መልሱ አዎ ነው። ተክሉ ለአበባ የሚያወጣው ኃይልና ውሃ ያለው ቅጠሉ ውስጥ ነው። በየሳምንቱ ከጎተራው የሚዛቅበት ገበሬ ለዘር የሚተርፈው የለም። ሁለት ሬት ይኑራችሁ፦ አንዱ ለፀጉር፣ አንዱ ለአበባ። አንድ ብቻ ካለና መቁረጥ ግድ ከሆነ የታችኛውን፣ የውጭኛውን፣ ያረጀውን አንድ ቅጠል ብቻ ከሥሩ ቁረጡ፤ ከመስከረም እስከ አበባው ማብቂያ ደግሞ እጃችሁን አንሱ።

መቼም ከተነሳ ልበል፦ ሲቆረጥ የሚወርደው ቢጫ ፈሳሽና መሐሉ ያለው ጠራ ያለ ዝልግልግ አንድ አይደሉም። መራራው ቢጫው ነው፤ ጡት ለማስጣል እናቶች የሚቀቡት። ብርቱ የሚያስቀምጥ ነገር አለበት፤ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በሚሸጡ የሆድ ማስለስለሻዎች ውስጥ እንዳይገባ ከልክላለች። አይጠጣም። ድመትና ውሻ ያለበት ቤትም እንዳያኝኩት ይጠበቅ።

ከሥሩ የሚወጡትን ልጆች ልንቀላቸው?

ብዙ ከሆኑ አዎ። አንድ ሁለቱ አያስቸግሩም። አሥር ሲሆኑ የእናታቸውን ውሃና ቦታ ይሻሟታል። ጣት ከሚያህለው ጀምሮ፣ የራሱ ሥር ያለውን ከሥሩ ጋር ለይታችሁ ቁስሉ እስኪደርቅ ሁለት ሦስት ቀን ጥላ ላይ አሳድሩትና ትከሉት። ለጎረቤት ስጡ። እኔ ደረጃችን ላይ ለአራት ቤት ሰጥቻለሁ፤ የአንደኛው ፎቅ ልጅ ዘንድሮ ከእኔው ቀድሞ ሊያብብ ነው መሰለኝ።

የአበባው ዘንግ መውጣቱን በምን አውቃለሁ? ከወጣስ በኋላ?

መሐል ላይ፣ ከአዲሶቹ ቅጠሎች ጎን፣ ጫፉ የተጠቀለለ፣ እንደ ያልተፈታ የስንዴ እሸት ያለ ነገር ብቅ ይላል። ከቅጠል የሚለየው ዳር ዳሩ እሾህ ስለሌለውና የዓሣ ቅርፊት የመሰለ ድርድር ስላለው ነው። የእኔ የመጀመሪያው የጥምቀት ሰሞን ነው የታየው። ትል የገባበት መስሎኝ ልነቅለው እጄን ሰድጄ ነበር።

ከወጣ በኋላ ዋናው ነገር አለማንቀሳቀስ ነው። ደስ ብሎን ለእንግዳ ለማሳየት ወደ ሳሎን እናስገባዋለን፤ ብርሃኑ ሲቀየርበት ዘንጉ ይጎብጣል ወይም እምቡጡ ሳይከፈት ይደርቃል። ባለበት ይቆይ። ውሃውን አሁን መልሱለት፣ አፈሩ በደረቀ ቁጥር፣ ግን ቅጠሎቹ መሐል አታጠራቅሙበት። ዘንጉ በየሳምንቱ ይረዝምና አበቦቹ ከታች ወደ ላይ በተራ ይከፈታሉ። የታችኞቹ ሲጠወልጉ የላይኞቹ ገና እምቡጥ ስለሚሆኑ ትርዒቱ ሳምንታት ይቆያል። ንፋስ ያለበት ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ቀጭን እንጨት ተክላችሁ በላላ ክር ደግፉት።

አራተኛ ፎቅም ብትሆኑ እንግዳ ይመጣል። ምንቃሯ ቀጭንና ጎባጣ የሆነ፣ ፀሐይ ሲያርፍባት የምታብለጨልጭ ትንሽ ወፍ አለች፤ አበባው እንደ ቱቦ የተሠራውም ለእሷ ምንቃር ነው ማለት ይቻላል። የእኔን በረንዳ በሦስተኛው ቀን አገኘችው። ከተማው መሐል ከየት እንዳየችው አላህ ይወቀው፣ እግዜር ይወቀው።

ካበበ በኋላ ይሞታል ይባላል፤ እውነት ነው?

አይሞትም። ከቃጫ ጋር እየተምታታ ነው። በየአጥሩ የምናየው፣ ገመድ የሚሠራበት ቃጫ መልኩ ሬት ይመስላል እንጂ ዘመዱ ሩቅ ነው፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ አጠራቅሞ አንዴ ዛፍ የሚያህል ዘንግ ያወጣና ይሞታል። ሬት ግን አንዴ ከጀመረ በየዓመቱ ሊደግም ይችላል። ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ከሥሩ ከፍ አድርጋችሁ በመቀስ ቁረጡት፤ አረንጓዴ ሳለ አትጎትቱት፣ መሐሉን ይዞት ይወጣል።

አብቦ ዘር አላፈራም። ለምን?

አሎቬራ በራሱ ብናኝ ዘር መያዝ አይሆንለትም። አጠገቡ ሌላ አለ ብትሉም፣ ያ ሌላው የራሱ ልጅ ከሆነ በዘር አንድ ናቸው፤ ጥቅም የለውም። ሌላ ዝርያ በአንድ ጊዜ አብቦ ወፏ ወይም ንቧ ከተመላለሰች ግን ሊያፈራ ይችላል፤ የሚበቅለው ግን ዲቃላ ነው። ፍሬው ሲደርቅ በሦስት ይሰነጠቅና ጥቁር፣ ዳሩ ስስ ክንፍ ያለው ዘር ይወጣል። አሸዋ ላይ ዘርታችሁ ከጠበቃችሁ ይበቅላል።

ዘንጉ ላይ ትናንሽ ተባዮች ተሰብስበዋል።

ክሽክሽ ነው፤ ለስላሳውን ዘንግ ይወዳል። ጉንዳን ደግሞ የእሱን ጣፋጭ ፈሳሽ ፍለጋ ተከትሎት ይመጣል። የሳሙና ውሃ ለስለስ አድርጋችሁ ማታ ማታ ርጩና ጠዋት በንጹሕ ውሃ እጠቡት። ቅጠሎቹ መጋጠሚያ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ካያችሁ በአልኮል በራሰ ጥጥ አንሡት። አበባው ወይም ቅጠሉ ቅርጹ ጠፍቶ እንደ ኪንታሮት ከተቋጠረ ግን በዓይን የማትታይ፣ ማይት የምትባል ደቃቅ ተባይ ናት፤ ያን ክፍል ቆርጣችሁ አቃጥሉት፣ ቢላውንም አጽዱ፣ ካልሆነ ወደ ሌሎቹ ይዛመታል።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። እዚህም ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን ፀሐዩን ፈልጋችሁ ማምጣት አለባችሁ። ዋሽንግተንና አካባቢው ላላችሁ ከግንቦት እስከ መስከረም ውጭ ይዋል ይደር፤ አጠራቅሞ የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ሌሊቱ ወደ 5 ዲግሪ ሲቀርብ አስገቡት፤ ነገር ግን ማሞቂያው አጠገብ ሳይሆን ቀዝቀዝ ባለ ክፍል፣ ደቡብን በሚያይ መስኮት ላይ፣ ውሃው በወር አንዴ ሆኖ ይክረም። ስቶክሆልም ታኅሣሥ ላይ የቀኑ ብርሃን ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ ለተክል ተብሎ የሚሸጠውን መብራት በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ካላበራችሁ ተስፋ አታድርጉ።

እስራኤል ያላችሁ ከሁላችንም የተመቻችሁ ናችሁ፤ ሬት እዚያ በየአትክልት ቦታው በብርዱ ወራት ያብባል። ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱ በሚበረታባቸው ወራት ከቀትር በኋላ ጥላ ስጡት፣ ከኅዳር በኋላ ሙሉ ፀሐይ ላይ አውጡት፤ ኤሲ ያለበት ክፍል ውስጥ የሚኖር ሬት የእኔው የሳሎን ታሪክ ነው።

ከኢትዮጵያ አንድ ልጅ ሻንጣዬ ውስጥ ይዤ ብሄድስ?

አታድርጉት። ለመጥፋት የተጋለጡ እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ የሚቆጣጠረው ሳይተስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ከአሎቬራ በስተቀር የሬት ዝርያዎችን በሙሉ ይመለከታል፤ ፈቃድ ያስፈልጋል። አሎቬራም ቢሆን የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ይጠየቃል፣ አፈር ይዞ መግባትማ አሜሪካ አይታሰብም። ኤርፖርት ላይ ሊወረስባችሁ የሚችል ነገር በደረሳችሁበት አገር ሱፐርማርኬት ውስጥ ይሸጣል።

ሬት ቤት ውስጥ ሲያብብ ምልክት አለው ይባላል?

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል በመቃብር ላይ ሬት የመትከል ልማድ አለ፤ ሲያብብም ሟቹ ጀነት ተቀባይነት አገኘ ተብሎ ይታመናል። ማንም ውሃ የማያጠጣው፣ ፀሐይ ሲመታው የሚውል ተክል ስለሆነ በጊዜው ያብባል፤ ለቤተሰቡ ደግሞ መጽናኛ ይሆናል። እኔ ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል። የቤቱን በተመለከተ ግን "ሀብት ይመጣል" ያለችኝ ጎረቤት አለች፤ እስካሁን የመጣው ጉንዳን ነው።

አበባውን ቆርጬ ጠረጴዛ ላይ ላድርገው?

ትችላላችሁ። ከታች ሁለት ሦስቱ አበቦች ሲከፈቱ ጠዋት ቁረጡት፤ የተቀሩት ውሃ ውስጥ ሆነውም በተራ ይከፈታሉ። ተክሉንም አይጎዳውም። ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ግን አታስቀምጡት፤ ከየአበባው ጣፋጭ ፈሳሽ ይንጠባጠብና ሲደርቅ ይጣበቃል፣ ዝንብም ይጠራል።